ሦስቱ ቀናት፦ የታመመ ሠራተኛ በማን ቃል ይታመናል?

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ስለ ኢትዮጵያ ሕጎች ከተነሣው ክፍል በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓመቱ 1956 ነው። ቦታው ሰሜን ጀርመን፣ የወደብ ከተማዋ ኪል። በአንድ የመርከብ ፋብሪካ ግቢ የሚሠሩ ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንደኛው ቢሮ ተቀምጦ የሒሳብ መዝገብ ይይዛል። ሁለተኛው ደጅ፣ ከባሕር በሚመጣው ነፋስ መካከል ቆሞ ብረት ይበይዳል። ሰኞ ጠዋት ሁለቱንም አንድ ዓይነት ጉንፋን ጣላቸው። ሁለቱም ትኩሳት አላቸው፤ ሁለቱም ከአልጋ መነሣት አቅቷቸዋል።

የሒሳብ ሠራተኛው ደመወዝ አይነካም። ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ እስከ 6 ሳምንት ድረስ አሠሪው ሙሉውን ይከፍለዋል። በያጁ ግን ሰኞ ምንም አያገኝም። ማክሰኞም ምንም። ረቡዕም ምንም። ከዚያ በኋላ የጤና መድን ድርጅቱ ከደመወዙ ግማሽ ያህሉን መክፈል ይጀምራል። ሐሙስ ተሽሎት ወደ ሥራ ከተመለሰ ደግሞ ሦስቱ ቀናት በከንቱ ቀሩ ማለት ነው።

ጉንፋኑ አንድ፣ ፋብሪካው አንድ፣ አገሩ አንድ። ልዩነቱ የመጣው ከየት ነው?

መልሱ ብዙ ጊዜ የገንዘብ ጉዳይ ተደርጎ ይቀርባል። ታሪኩ ሲገለጥ ግን ከገንዘቡ በታች ሌላ ጥያቄ ተቀምጦ ይገኛል፦ ሰው «አሞኛል» ሲል የማን ቃል ይታመናል?

■ የጸሐፊው ቃልና የሠራተኛው ቃል

በ1861 በጀርመን ግዛቶች የወጣው የጋራ የንግድ ሕግ፣ በነጋዴ ቤት የሚያገለግል ጸሐፊ ያለ ጥፋቱ ችግር ደርሶበት ሥራ ቢያቋርጥ እስከ 6 ሳምንት ደመወዙ እንዳይቋረጥ ደንግጓል። ጸሐፊው የአሠሪው የቅርብ ሰው ነበር። የሣጥኑን ቁልፍ ይይዛል፤ ደብዳቤውን ይጽፋል፤ ምስጢሩን ያውቃል። ገንዘቡን ያመነው ሰው «አሞኛል» ቢለውም ያምነዋል።

የፋብሪካ ሠራተኛው ግን እንዲህ ያለ መታመን አላገኘም። የሚከፈለው በሠራበት ሰዓት ልክ ነው። ካልሠራ የለም። ሲታመም የሚደርስለት ሠራተኞች ራሳቸው እያዋጡ ያቋቋሙት የመረዳጃ ማኅበር ነበር። የእኛን ዕድር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

ከዚያ ቢስማርክ መጣ። የጀርመኑ ቻንስለር በ1878 የሶሻሊስቶችን ድርጅቶችና ጋዜጦች በሕግ አገደ። ሠራተኛውን በዱላ ብቻ መያዝ እንደማይቻል ግን ገብቶት ነበር። ስለዚህ በሌላው እጁ በ1883 የሠራተኞች የጤና መድን ሕግን አወጣ። በዓለም የመጀመሪያው አገር አቀፍ የግዴታ የጤና መድን ይኸው ነው። ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው ይከፍላሉ። የታመመ ሠራተኛ በነፃ ይታከማል፤ እስከ 13 ሳምንት ድረስም የደመወዙን ግማሽ ያገኛል።

ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ሕጉ አንዲት ትንሽ አንቀጽ ይዞ መጣ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አይከፈሉም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በእውነት የታመመ ሰው ሦስቱን ቀን ችሎ ያልፋል፤ ያስመሰለው ግን ኪሱ ሲጎድል ይመለሳል ተብሎ ታሰበ። በሌላ አነጋገር ሠራተኛውን ከሐኪሙ በፊት ረሃብ ይመርምረው ተባለ።

■ ቤት የሚያንኳኳው ተቆጣጣሪ

ሦስቱ ቀናት ካለፉ በኋላም ጥርጣሬው አላበቃም። የመድን ድርጅቶቹ ጎብኚዎች ቀጠሩ። ሥራቸው የታመመው ሰው ቤት ሄዶ ማንኳኳት ነው። ሰውየው አልጋ ላይ ነው ወይስ መጠጥ ቤት? ከቤት እንዲወጣ ከተፈቀደለት ሰዓት ውጭ ደጅ ታይቷል? ደንብ የጣሰ ይቀጣ ነበር።

ከዚህ ቁጥጥር ግን ማንም ያላሰበው ነገር ወጣ። በበርሊን በአልበርት ኮን የሚመራው የንግድ ሥራ ሠራተኞች የጤና መድን ድርጅት፣ ጎብኚዎቹ ስለ ታማሚዎቹ መኖሪያ ቤት መረጃ እንዲሰበስቡ አደረገ። ፎቶግራፍ አንሺም አብሮ ተላከ። ከ1903 እስከ 1920 ድረስ የበርሊን ድሆች ቤቶች በፎቶግራፍ ተቀረጹ። ብርሃን የማያገኝ ምድር ቤት፣ ውኃ የሚያንጠባጥብ ግድግዳ፣ ብዙ ቤተሰብ የተጨናነቀበት አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ ለሁለትና ለሦስት ሰው። ሳንባ ነቀርሳ የያዘው አባት ከልጆቹ ጋር የሚተኛበት ቤት።

ተቆጣጣሪው የተላከው «ይህ ሰው በእውነት ታሟል ወይ?» የሚለውን እንዲያጣራ ነበር። ይዞት የተመለሰው መልስ ግን «እንዴት አይታመም?» የሚል ነበር።

ፎቶግራፎቹ የቤት ጉዳይ የመንግሥትና የከተማ አስተዳደር ጉዳይ እንዲሆን ለሚደረገው ክርክር ማስረጃ ሆኑ። ሦስቱ ቀናት ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። እንዲያውም በ1930ዎቹ መጀመሪያ የቢሮ ሠራተኞች የ6 ሳምንት መብት በውል እንኳ ሊነጠቅ የማይችል ሆኖ ሲጸና የፋብሪካ ሠራተኞች እዚያው ቀሩ። ሁለት ጦርነቶች አለፉ፤ መንግሥታት ወደቁ፤ ገንዘብ ተቀየረ። በያጁ ሲታመም ሦስት ቀን ባዶ እጁን መቅረቱ ግን ቀጠለ።

■ 114 ቀናት

በ1950ዎቹ አጋማሽ ምዕራብ ጀርመን «የኢኮኖሚ ተአምር» በሚባለው ዘመን ውስጥ ነበረች። የኪል፣ የሉቤክና የፍሌንስቡርግ የመርከብ ፋብሪካዎች ሥራ ሞልቷቸዋል። ትርፍ አለ። የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር የሆነው ኢ ጌ ሜታል፣ በኦቶ ብሬነር መሪነት፣ በሽሌስቪሽ ሆልሽታይን ክፍለ ግዛት ለአሠሪዎች ጥያቄ አቀረበ። የዕረፍት ጉዳይም ነበረበት፤ ዋናው ግን ይህ ነው፦ ሠራተኛ ሲታመም እንደ ቢሮ ሠራተኛው 6 ሳምንት ሙሉ ደመወዝ ይከፈለው።

አሠሪዎች እምቢ አሉ። የመጀመሪያው መከራከሪያቸው ይህ የሕግ አውጪው እንጂ የኅብረት ስምምነት ጉዳይ አይደለም የሚል ነበር። ሁለተኛው የቆየው ፍርሃት ነው፦ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ለምን ብሎ ከአልጋው ይነሣል? ጀርመንኛ ራሱ ለዚህ ጥርጣሬ ቃል አዘጋጅቶለታል። ታሞ ከሥራ መቅረትን በተለምዶ አነጋገር «ክራንክፋይርን» ይሉታል። ቃል በቃል ሲፈታ «ሕመምን እንደ በዓል ማክበር» ነው። አልጋ ላይ የሚያቃስተው ሰው በገዛ ቋንቋው በዓል ላይ ነው።

ኦክቶበር 24 ቀን 1956 የሥራ ማቆም አድማው ተጀመረ። መጀመሪያ 18,000 ያህል ሠራተኞች ወጡ። ማኅበሩ ፋብሪካዎችን ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ሄደ፤ ቁጥሩ ከ34,000 በላይ ደረሰ። ክረምቱ ገባ። ማኅበሩ ለአድመኞቹ የድጎማ ገንዘብ ይከፍላል፤ የአድማ ጋዜጣ ያትማል፤ ቤተሰቦች እንዳይሰላቹ ፊልም ያሳያል፤ ለገና ለልጆች ዝግጅት ያደርጋል። ይህ ዝም ብሎ መዝናኛ አልነበረም። ረጅም አድማ ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው በፋብሪካው በር ላይ ሳይሆን በማዕድ ቤት ነው። የቤቱ እመቤት «በቃ» ካለች አድማው አበቃለት። የማኅበሩ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ሚስቶችን የአድማው አካል አደረጓቸው። ሚስቶቹም ጉዳዩን ያውቁት ነበር። ባል በታመመባቸው ሦስት ቀናት ከዳቦ ቤትና ከሥጋ ቤት በዱቤ የሚወስዱት እነሱ ናቸውና።

በጃንዋሪ 1957 መጀመሪያ የድርድር ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። ሠራተኞቹ 97 በመቶ ያህል ሆነው ጣሉት። ቻንስለር ኮንራድ አደናወር ሁለቱን ወገኖች ቦን ድረስ ጠራቸው። ከዚያ የወጣውን ስምምነትም በወሩ መጨረሻ 76 በመቶ ያህሉ ውድቅ አደረጉት። የማኅበሩ መሪዎች ራሳቸው ተቀበሉት ያሉትን ሠራተኛው አልቀበልም አለ። ፌብሯሪ 13 ሦስተኛው ሐሳብ ቀረበ። አሁንም የተቀበሉት ከ40 በመቶ በታች ነበሩ። ይሁን እንጂ በማኅበሩ ደንብ አድማ ለማስቀጠል 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። አድማው ከ114 ቀናት በኋላ አበቃ። አብዛኛው ሠራተኛ «አይበቃም» ብሎ ድምፅ በሰጠ ማግሥት ወደ ሥራው ተመለሰ።

ይህን ግትርነት በገንዘብ ስሌት ብቻ መረዳት አስቸጋሪ ነው። አንድ ሠራተኛ በ16 ሳምንት አድማ የሚያጣው ገቢ በብዙ ዓመታት ጉንፋን ከሚያጣው ይበልጣል። ሰዎቹ ሒሳብ ስላልቻሉ አይደለም። በአንድ ግቢ እየሠሩ አንዱ ታማኝ፣ ሌላው ተጠርጣሪ ሆኖ መኖር ስለመረራቸው ነው።

■ ድሉ በቁንጥር መጣ

በዚያው በ1957 የምርጫ ዓመት ፓርላማው ሕግ አወጣ። ከጁላይ ጀምሮ የታመመ ሠራተኛ የመድን ድርጅቱ ከሚከፍለው ላይ አሠሪው እየጨመረለት ለ6 ሳምንት ከተጣራ ደመወዙ 90 በመቶ እንዲያገኝ ተደረገ። ክፍያ የሌላቸው ሦስት ቀናት ወደ ሁለት ወረዱ። በ1961 ክፍያው ወደ 100 በመቶ ከፍ አለ፤ ሁለቱ ቀናትም አንድ ሆኑ። በመጨረሻም በ1969 በወጣው ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የፋብሪካ ሠራተኛ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ እንደ ቢሮ ሠራተኛው ሙሉ ደመወዙን ከአሠሪው ማግኘት ጀመረ። ሸክሙ ትናንሽ ሱቆችንና ወርክሾፖችን እንዳያደቅም ታስቦበታል። እስከ 20 ሠራተኛ ያላቸው አሠሪዎች መዋጮ እየከፈሉ፣ ለታመመ ሠራተኛ ካወጡት 80 በመቶው እንዲመለስላቸው ተደረገ።

ከ1883 እስከ 1970 ድረስ 87 ዓመት ነው። ሦስት ቀን ለመሻገር 87 ዓመት ፈጀ።

አድማውን ያካሄደው ማኅበርም በነፃ አላለፈም። በ1958 የፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ ፍርድ ቤት፣ ማኅበሩ የኅብረት ስምምነቱ ያዘዘው የሰላም ጊዜ ሳያልቅ ለአድማ ድምፅ ማሰጠቱ ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈረደ። በሚሊዮኖች የሚቆጠር ማርክ የካሳ ጥያቄ ማኅበሩ ራስ ላይ ተንጠለጠለ። ኋላ ላይ አሠሪዎች በድርድር ቢተዉትም፣ ፍርዱ ለዓመታት ማስፈራሪያ ሆኖ ቆይቷል።

የተፈራው ነገርስ ደረሰ ወይ? የ1957ቱ ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ታሞ የሚቀረው ሠራተኛ ቁጥር ከፍ አለ። «አላልንም ነበር?» የሚሉ ድምፆች ወዲያው ተሰሙ። ነገር ግን በዚያው መኸር የእስያ ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ወረርሽኝ አውሮፓን እያጥለቀለቀ ነበር። ደግሞም ቀድሞ ትኩሳቱን ይዞ ብየዳ ላይ ይቆም የነበረ ሰው አሁን አልጋው ላይ ቢውል ይህ ማጭበርበር ነው ወይስ ሕጉ የታሰበለት ዓላማ? ቁጥሩ ብቻውን ይህን አይመልስም። አስመሳይ የለም ማለት አይደለም፤ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም መሥሪያ ቤት አለ። ክርክሩ ለጥቂቶቹ አስመሳዮች ሲባል ሁሉም ይቀጣ ወይ የሚለው ነው።

■ ጥያቄው ሲመለስ

ጉዳዩ የተዘጋ መሰለ። በ1996 የሄልሙት ኮል መንግሥት ወጪ ለመቀነስ ብሎ የሕመም ክፍያን ከ100 ወደ 80 በመቶ ዝቅ አደረገው። መቀነሱን ያልፈለገ ሠራተኛ ለአምስት የሕመም ቀናት አንድ የዓመት ዕረፍት ቀን እየሰጠ ሙሉ ክፍያውን ማስጠበቅ ይችላል ተባለ። የመኪና አምራቹ ዳይምለር ቤንዝ ሕጉን ወዲያውኑ ሥራ ላይ እንደሚያውል አስታወቀ። በጥቅምት ወር፣ የኪሉ አድማ ልክ 40 ዓመት ሲሞላው፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የመኪና ሠራተኞች መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወጡ። ኩባንያው አፈገፈገ። በዓመቱ መጨረሻ ማኅበሩ በኅብረት ስምምነት 100 በመቶውን አስመለሰ። በ1998 ምርጫ ኮል ተሸነፈ፤ አዲሱ የጌርሃርድ ሽሮደር መንግሥት ከጃንዋሪ 1999 ጀምሮ ሕጉን ወደ ቀድሞው መለሰው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለሁለቱም ወገን አስተማሪ ነው። ሙሉ ክፍያው በሕግ ተመልሶ ሳለ፣ በሕመም የሚቀረው ሠራተኛ ድርሻ በ2007 ወደ 3.2 በመቶ ገደማ ወርዶ እጅግ ዝቅተኛ ከሚባሉት ደረጃዎች አንዱ ላይ ደረሰ። ሥራ አጥነት የበዛበት ዘመን ነበር። ሰው እያመመውም ቢሆን ሥራ ይገባ ነበር፤ ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ። በ2023 ደግሞ በአንድ ሠራተኛ በአማካይ 15 ቀን ያህል ደረሰ። ለዚህ ከኮሮና በኋላ የበረታው የመተንፈሻ አካል ሕመም ድርሻ አለው። ቀድሞ ወደ መድን ድርጅት ሳይላክ ይቀር የነበረው የሕመም ፈቃድ ወረቀት ከሐኪሙ በቀጥታ በኤሌክትሮኒክ መንገድ መላክ መጀመሩም አለበት። ክፍያው በሁለቱም ዓመታት ያው ነው፤ ቁጥሩ ግን እጅግ የተራራቀ ነው። ሰውን ከአልጋ የሚያስነሣው ወይም የሚያስተኛው የክፍያው መጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ።

የቀድሞው ጥርጣሬ ግን ተመለሰ። በ2024 በርሊን አጠገብ ያለው የቴስላ ፋብሪካ ኃላፊዎች በሕመም ፈቃድ ላይ ያሉ ሠራተኞችን ቤት ድረስ ሄደው ማንኳኳታቸው ተሰማ፤ በራቸውን የዘጉባቸው ሠራተኞችም ነበሩ። በጃንዋሪ 2025 የትልቁ የመድን ኩባንያ የአሊያንዝ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኦሊቨር ቤተ የመጀመሪያው የሕመም ቀን እንደ ድሮው ሳይከፈል እንዲቀር ሐሳብ አቀረበ። የመቶ ዓመቱ ጎብኚና የ1883ቱ አንቀጽ አዲስ ልብስ ለብሰው መጡ።

■ በእኛስ?

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ሠራተኛ ሩቅ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኛው በዓመት እስከ 8 ወር ሰጥቶ ነበር፤ ሦስት ወር በሙሉ፣ ሦስት ወር በግማሽ፣ ሁለት ወር ያለ ክፍያ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ሴትና በመሥሪያ ቤት መዝገብ የምትይዝ ሴት በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ከባድ ሕመም ቢይዛቸው፣ አንዷ አንድ ወር፣ ሌላዋ ሦስት ወር። የኪሉ ግቢ ልዩነት በእኛም ሕግ ውስጥ መልኩን ቀይሮ ተጽፏል። በቀን ሥራ የሚውለው ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ነው፤ ያልዋለበት ቀን ያልተበላበት ቀን ነው።

የእኛ ሕግ ባዶ የሚያልፉ ሦስት ቀናት አላስቀመጠም፤ ይህ መልካም ነገር ነው። ፈቃዱን ለማግኘት ግን መንግሥት ያወቀው የጤና ተቋም የሰጠው ማስረጃ ያስፈልጋል። የኅብረት ስምምነቱ የተሻለ ካላስቀመጠ በቀር፣ ለአንድ ቀን ጉንፋንም ወረቀት ነው። ትኩሳት ያለበት ሰው ተኝቶ መዋል ሲገባው ካርድ ሊያወጣ ይሰለፋል። የሚሰለፈው ለመታከም ሳይሆን ለመታመን ነው። ካርድ የሚያወጣበት ገንዘብ ወይም አቅም ያጣው ደግሞ ሥራ ይገባል፤ በሽታውንም ለጎኑ ሰው ያካፍላል።

እዚህ ላይ የጀርመኑ ታሪክ የመጨረሻ መታጠፊያ አለው። ከ1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጀርመን ሕግ መሠረት ሠራተኛ የሐኪም ማረጋገጫ የማግኘት ግዴታ የሚኖርበት ሕመሙ ከሦስት ቀን ሲያልፍ ነው። አሠሪው ቀደም ብሎ የመጠየቅ መብት ቢኖረውም መደበኛው አሠራር ይህ ነው። እስከዚያ ድረስ ጠዋት ደውሎ «አሞኛል» ማለቱ ይበቃል። ሦስቱ ቀናት ዛሬም ሕጉ ውስጥ አሉ። በ1883 ሠራተኛው እስኪራብ ድረስ የማይታመንባቸው ቀናት ነበሩ። ዛሬ በቃሉ የሚታመንባቸው ቀናት ናቸው።

አሁን የመጀመሪያው ቀን ሳይከፈል ይቅር የሚለው ሐሳብ በስንት ቢሊዮን ዩሮ ቁጠባ እንደሚሰላ ባለሙያዎች ይከራከራሉ። በኪል 114 ቀን ብርድ ላይ የቆሙት ሰዎች ግን ነገሩን በሌላ ሚዛን ነበር የመዘኑት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ የሚወቅሰው ደባቂውን ነው። ሰው በሽታውን የሚደብቀው ግን ሲናገር የሚያምነው ሲያጣ ወይም መናገሩ ከእንጀራው የሚያጎድልበት ሲሆን ነው።